10 ኤክስ ሉፕ፦ ወድቆ የተገኘ ቀለበት ባለቤቱን ለማግኘት የረዳኝ ትንሽዬ መነጽር

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፣ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩበትን ምክንያት ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ሉፕ ማለት ያቺ ወርቅ ሰሪዎች ዓይናቸው ላይ ደቅነው ቀለበት የሚያገላብጡባት ትንሽዬ አጉሊ መነጽር ናት፣ ተጣጥፋ የብረት ሽፋኗ ውስጥ የምትገባ፣ ኪስ ውስጥ ሆና የማትታወቅ፣ 10 ኤክስ ማለት ደግሞ 10 እጥፍ ታጎላለች ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚገዛት ወርቅ ሲገዛ እንዳይታለል ወይ ደግሞ ሳንቲምና ቴምብር ስለሚሰበስብ ነው፣ ያነበብኳቸው ሪቪውዎችም በሙሉ ማለት ይቻላል ስለዛ ነው የሚያወሩት። እኔ የምጽፈው ማንም ስለማያነሳው ስራዋ ነው፣ ወድቆ የተገኘ ጌጥ የማን እንደሆነ ለማወቅና ለትክክለኛው ሰው ለመመለስ ምን ያህል እንደምትጠቅም።

የምሰራው ጂምና መዋኛ ያለበት ቦታ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። እንደዚህ አይነት ቦታ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ጌጥ መውደቅ የሁልጊዜ ነገር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣት ቀጠን ይላል፣ ሳሙና ሲጨመርበት ቀለበቱ ባለቤቱ ሳይሰማው ይወልቃል፣ ጉትቻውን ፎጣ ይዞት ይሄዳል፣ ሐብሉ ልብስ ሲወልቅ ይበጠስና ቁምሳጥን ስር ይገባል። ያገኘው ሰው አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ በኋላ ጣጣው የኔ ነው። እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሰው ቃል ኪዳን እጃችሁ ላይ ሲቀር ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ቤቱን እየገለበጠ እያለቀሰ እየፈለገው እንደሆነ እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ያስጨንቃል።

ሰው በብዛት የሚያደርገው ምንድነው፣ ቀለበቱን በደንብ አድርጎ ፎቶ ያነሳና ግሩፕ ላይ "የማን ነው?" ብሎ ይለጥፈዋል። በቅንነት ነው፣ ግን በቃ እዛው ላይ ማረጋገጫው ጠፋ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ከለሩን ያውቃል፣ ድንጋዩን ያውቃል፣ "የኔ ነው" ብሎ አንድም ሳይሳሳት ሊነግራችሁ ይችላል። ባለቤቱን ከሌላው የሚለየው ነገር ያለው ውስጠኛው በኩል ነው፣ ቆዳ የሚነካው በኩል፣ እሱ ደግሞ በባዶ ዓይን ብዙ ጊዜ ጭረት ነው የሚመስለው። ሉፗ የምትገባው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ቀን የመጣልኝን ልንገራችሁ። ቀጭን ቢጫ ቀለበት ነው፣ ድንጋይ የለውም፣ ጌጥ የለውም፣ ከሺህ ቀለበት የማይለይ። ውስጡን በዓይኔ ሳየው የተፋቀ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ሉፗን አስጠግቼ የስልኬን መብራት ከጎን ዘቅዘቅ አድርጌ ስለቅበት ሁለት ፊደልና ቀን ወጣ፣ በእጅ የተቀረጸ ነው፣ የመቅረጫው ብረት የገባበትና የወጣበት ቦታ ጫፉ ላይ ሹል ሆኖ ይታያል። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ሁለተኛዋ ፊደል አንድ እግሯ የለም። ተሰብሮ አይደለም፣ በቀጭን መስመር የተቆረጠ ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ወርቅ ከለሩ ትንሽ ገርጣ ይላል። ማለትም ቀለበቱ ከተጻፈበት በኋላ ተቆርጦ ሌላ ወርቅ ተጨምሮበት ሰፍቷል፣ የተበየደበት ቦታ ነው ያ መስመር። ይሄንን በዓይን ማየት በፍጹም አይቻልም።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ቀለበት ተገኝቷል፣ የጠፋበት ሰው መቀበያ ይምጣ" ብቻ ብዬ ጻፍኩ፣ ከለሩንም አልጠቀስኩ። የመጣው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። አንዷ የብር ነው አለች፣ ሌላው ድንጋይ አለው አለ፣ እነሱም ውሸታም አይደሉም፣ የራሳቸው የጠፋባቸው ነው፣ አዘንኩላቸው። ከዛ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። "እባክዎ ውስጡ ላይ ያለውን ይንገሩኝ" ስላቸው ፊደሎቹንና ቀኑን ነገሩኝ፣ ቀጥለው ሳልጠይቃቸው "ጣቴ ሲወፍር አሰፋሁት፣ ሰሪው የሷን ፊደል ጎዳብኝ" አሉ። ከዛ በላይ ምን መታወቂያ ይጠየቃል? ቀለበቱን ስሰጣቸው ጣታቸው ላይ ሳያደርጉት ትንሽ ጨብጠውት ቆዩ። ሉፗን ሪቪው ላደርጋት የወሰንኩት ያኔ ነው።

አሁን ስለ እቃዋ። ስትገዙ ሁለት ነገር ያዙ፣ 10 ኤክስ ትሁን፣ ትሪፕሌት ትሁን። ኦንላይን 30 ኤክስ፣ 40 ኤክስ፣ 60 ኤክስ የሚል የተጻፈባቸው ይሸጣሉ፣ ርካሽ ናቸው፣ ሰውም ቁጥሩ ከፍ ሲል የተሻለ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ ነገር ርካሾቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው፣ እኔ መጀመሪያ የደረሰኝ (የማን እንደሆነ አልናገርም) 40 ይላል ከ10ሯ ጋር ጎን ለጎን ሳያቸው ብዙም ልዩነት የላቸውም፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ፊደሉን ያጣምመዋል። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳን ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የምታዩት ቦታ ይጠባል፣ ይጨልማል፣ ጥርት ብሎ የሚታየውም ጥልቀት በጣም ይሳሳል፣ የቀለበት ውስጥ ደግሞ ጎባጣ ስለሆነ አንዷን ፊደል ስታጠሩ ጎረቤቷ ትደበዝዛለች። 10 ኤክስ የአልማዝና የድንጋይ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ነው፣ አልማዝ ጥራቱ ይሄን ያህል ነው ተብሎ ደረጃ የሚሰጠው በ10 ኤክስ ታይቶ ነው። ትሪፕሌት ማለት ሶስት መስታወት አንድ ላይ ተጣብቆ የተሰራ ማለት ነው፣ ነጠላ መስታወት ጠርዙ ላይ ምስል ያጎብጣል፣ ዙሪያውንም ባለቀለም ጥላ ያወጣል፣ ሶስቱ ሲደመሩ ያንን ያርሙታል። መፈተን ከፈለጋችሁ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ደብተር እዩባት፣ ዳር ላይ ያሉት መስመሮች ከጎበጡ መልሷት። የመስታወቷ ስፋት 18 ወይም 21 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከዛ ካነሰች ዓይን ቶሎ ትደክማለች።

አያያዟ ልምምድ ይፈልጋል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ሊያይባት ይሞክርና "ኧረ ምንም አይታይም" ብሎ ይመልሳታል። ሉፕ የምትጠጋው ዓይን ላይ ነው፣ መነጽር ያደረገ ሰው መነጽሩ ላይ ማለት ይቻላል እስክትነካ ድረስ፣ ከዛ ቀለበቱን ነው ወደሷ የምታመጡት፣ ወደ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ሲቀረው ጥርት ይላል። ሉፗን የያዘው እጅ ጉንጭ ላይ ደገፍ ይበል፣ ሁለቱ እጆች ይነካኩ፣ ክርኖች ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ፣ አለበለዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱንም ዓይን ክፍት ማድረግ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ግን ዓይን አይደክምም። መብራት ደግሞ ከፊት ለፊት አይሁን፣ ወርቅ ስለሚያንጸባርቅ ጽሁፉን ይውጠዋል፣ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን የተቦረቦረው ቦታ ጥላ ይይዝና የተፋቀ ጽሁፍ ሁሉ ብቅ ይላል። አንዳንዶቹ ሉፖች የራሳቸው መብራት አላቸው፣ እኔ የስልክ መብራት ነው የምመርጠው፣ እንደፈለግኩ ስለማዘነብለው።

ከዛ ምን ታነባላችሁ? መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ባለሶስት ዲጂት ቁጥር ነው። 750 ካለ 18 ካራት ነው፣ ማለትም ከ1000 እጅ 750ው ወርቅ፣ 585 ካለ 14 ካራት፣ 375 ካለ 9፣ 916 ካለ 22። 925 ብር ነው፣ 950 ብዙ ጊዜ ፕላቲነም ላይ ይገኛል። ጂ-ፒ ወይም ጂ-ኤፍ በሚሉ የላቲን ፊደሎች ከተጻፈ ላዩ ብቻ ነው ወርቁ፣ እሱም ቢሆን ይመለስ፣ የእናት ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ የዋጋ ነገር አይደለም ይሄ። ሐብል ላይ ቁጥሩን መቆለፊያው አካባቢ ያለች ሚጢጢ ቁራጭ ላይ ፈልጉ፣ ጉትቻ ላይ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ላይ ወይም የኋላ ማጥበቂያው ላይ።

አንዳንዴ ከቁጥሩ አጠገብ ስዕል አለ፣ ይሄን ክፍል በጣም ነው የምወደው። የነብር ጭንቅላት ለንደን ተመርምሮ ማህተም የተመታበት ነው፣ መልህቅ በርሚንግሃም፣ ቤተመንግስት ኤድንብራ፣ ጽጌረዳ ሼፊልድ (በፈረንጆቹ ከ1975 ወዲህ፣ ከዛ በፊት ብር ላይ ዘውድ ነበር)። የንስር ጭንቅላት ደግሞ የፈረንሳይ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1838 ጀምሮ 18 ካራት ወርቅ ላይ የሚመታ። የእንግሊዞቹ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ትጨመራለች፣ እሷ ዓመቱን ነው የምትናገረው፣ የፊደሏ ቅርጽና ዙሪያዋ ያለው ጋሻ እየተቀያየረ ስለሚሄድ ሰንጠረዡን አይቶ ማግኘት ይቻላል፣ በፈረንጆቹ ከ1999 ወዲህ ግዴታ ስላልሆነች አዲሶቹ ላይ ላትኖር ትችላለች። ይሄ ሁሉ የባለቤቱን ስም አይነግራችሁም፣ ልክ ነው፣ ግን የመጣውን ሰው የምትጠይቁት ጥያቄ ይሆናችኋል፣ "ከየት ተገዛ፣ መቼ ገደማ፣ አዲስ ነው ወይስ የአያት" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ከማህተሙ ጋር ይሄዳል ወይ የሚለውን ታያላችሁ።

አልማዝ ያለበት ከሆነ የድንጋዩ ወገብ ላይ፣ ማለትም ላዩና ታቹ የሚገናኙበት ቀጭኑ ጠርዝ ላይ፣ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ጂ-አይ-ኤ የሚባለው ድርጅት፣ በፈረንጆቹ በ1931 የተመሰረተው፣ ለሚመረምራቸው ድንጋዮች የሚሰጠው የሪፖርት ቁጥር ነው፣ ዌብሳይታቸው ላይ ስታስገቡት የድንጋዩን ክብደት፣ ከለር፣ ጥራት ያወጣላችኋል። የሰው ስም አያወጣም። ግን ሰርተፍኬቱ ቤቱ ያለ ሰው ቁጥሩን ካነበበላችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ነው ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት፣ 10 ኤክስ ለዚህ ጽሁፍ ትንሽ ያንሳል፣ ጽሁፍ እንዳለ ታያላችሁ ግን ቁጥሮቹን ለማንበብ ትግል ነው፣ ድንጋዩን የያዙት የብረት ጥፍሮች ቁጥሩን ከሸፈኑት ደግሞ በቃ የለም። እንደዚህ ሲሆን ትልቅ ማይክሮስኮፕ ወዳለው ባለሙያ መውሰድ ነው።

ሌላው የማትችለው ነገር ወርቁ እውነተኛ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ ነው፣ 750 የሚል ማህተም ማንም ሊመታ ይችላል። ውስጡ ልሙጥ የሆነ ቀለበትም አለ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ዘመን የፋቀው። እንደዛ ሲሆን ደግሞ ሉፗ ሌላ ነገር ታሳያችኋለች፣ የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው የድንጋይ መያዣ ጥፍር እንደተተካ፣ የት ጋ ጥልቅ ጭረት እንዳለ፣ ዓመታት ያደረገው ሰው እነዚህን በደንብ ያውቃቸዋል። የውስጡንም ስፋት በሚሊሜትር ለኩት፣ 17.3 ከሆነ የአሜሪካ ሳይዝ 7 ነው፣ ጣት አይዋሽም።

ያነበባችሁትን ለራሳችሁ ያዙ፣ ይሄን አደራ እላለሁ። ማስታወቂያ ላይ አይወጣ፣ ለስራ ባልደረባ አይወራ፣ ፎቶም ካነሳችሁ ስልካችሁ ውስጥ ይቅር። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ "ውስጡ ላይ ስም አለበት አይደል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱን እኮ ሰጣችሁት። "ንገረኝ" ብሎ ዝም ማለት ነው። እውነተኛ ባለቤት ሁሉን ላያስታውስ ይችላል፣ ተጨንቋል፣ ቀኑን ሊያምታታ ይችላል፣ በተለይ ቀንና ወር የተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለሚለያይ በዛ ብቻ ሰው አትመልሱ፣ ጊዜ ስጡት፣ የድሮ ፎቶ ላይ ጣቱ ላይ ያለበትን ያምጣ። እና ሰውን እንደ ሌባ አትዩት፣ በአክብሮት ነው የሚጠየቀው።

ፖሊስ ጋ ስታስረክቡም ሉፗ ትጠቅማለች፣ በብዙ ሀገር ህጉ የተገኘን እቃ አስረክቡ ነው የሚለው፣ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት አለ። ችግሩ መዝገብ ላይ "አንድ ቢጫ ቀለበት" ተብሎ ይጻፍና ነገ ባለቤቱ ሲመጣ የትኛው ቢጫ ቀለበት? ስለዚህ ቁጥሩን፣ የማህተሙን ስዕል፣ ፊደሎቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱና በደረሰኙ ላይ እንዲሰፍር ለምኑ፣ ኮፒውን ያዙ። እኔ እንደዚህ አድርጌ ያስረከብኩት ሐብል ከወራት በኋላ ለባለቤቷ ደርሷል፣ ያገናኛቸው ያቺ ከመቆለፊያው አጠገብ የነበረች ምልክት መዝገብ ላይ ስለነበረች ነው።

አምባር ካገኛችሁ ደግሞ ቸኩላችሁ ገልብጡት፣ ሜዲክአለርት የሚባለው አይነት ከሆነ የበሽታው ስም፣ የአባል ቁጥርና ስልክ ተቀርጾበታል፣ ያ ሰው የስኳር ወይም የአለርጂ ታማሚ ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰዓት ነው የሚደወለው፣ እዚህ ላይ ምስጢር ምናምን የለም።

ከማየታችሁ በፊት ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል፣ የሳሙናና የክሬም ቆሻሻ ፊደሎቹ ውስጥ ይደርቃል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ከሳህን በላይ እንጂ ከመታጠቢያ ገንዳ በላይ እንዳይሆን። ሉሉ ወይም ኦፓል ካለበት አታርጥቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ማወልወያ ኬሚካል ግን በፍጹም፣ የሰው እቃ ነው፣ እያብለጨለጨ ሲሄድ የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። ድንጋዩ መነቃነቁንም በሉፕ እዩ፣ ጥፍሩ ከተነሳ ወዲያው ዚፕ ላስቲክ ውስጥ ለብቻው ክተቱት፣ ድንጋዩ ከወደቀ ለባለቤቱ ሌላ ሀዘን ነው።

የራሳችሁም ጌጥ ላይ ተጠቀሙባት እንጂ። ሳይጠፋ በፊት ውስጡን አንብባችሁ ጻፉት፣ የስልክ ካሜራ ላይ ሉፗን ደቅናችሁ ፎቶ ይነሳል፣ ጥርት አድርጎ ነው የሚያነሳው። ቢጠፋ "ወርቅ ነው፣ ቀጭን ነው" ከማለት ውጪ የምትናገሩት ይኖራችኋል።

"ስልኬ ማክሮ ካሜራ (በጣም አስጠግቶ የሚያነሳ) አለው፣ ሉፕ ለምን እገዛለሁ?" ለሚል፣ ሞክሬዋለሁ። ትልልቅ ጽሁፍ፣ ማለትም ስምና ቀን፣ ስልኩ ያነሳል፣ ከቸገራችሁ እሱም ይበቃል። የቀለበት ውስጥ ግን ጠባብ ነው፣ ስልኩ ሲጠጋ የራሱ ጥላ ይወድቅበታል፣ የካራት ማህተሙ ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በዛ ላይ የተፋቀ ነገር ለማንበብ ቀለበቱን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ መብራቱ የሚይዝበትን ማዕዘን መፈለግ አለባችሁ፣ ይሄ በዓይን በሉፕ ሁለት ሶስት ደቂቃ ነው፣ በስልክ ግን ፎቶ አንስቶ ማጉላት፣ ደብዛዛ ነው፣ እንደገና ማንሳት ነው። ማጠፊያዋ ላይ ያለው ብሎን በጊዜ ብዛት ይላላል፣ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ስትጠብቅ ይስተካከላል፣ መስታወቷን በሸሚዝ ጫፍ አትወልውሉ፣ የመነጽር ጨርቅ ይበቃታል።